የቡፌያችን አብራሪ

ካላየ ለምን ተመለሰ?

ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው ዞሬአለሁ። ይዤው ፊደል ቆጥሬአለሁ፤ ይዤው በአምስት ኪሎ በኩል ዩኒቨርሲቲ ተመላልሼ ዲግሪ ተቀብያለሁ። መምህሮቼ ብዙ ነገር ጠይቀውኛል፤ ይህን ግን አንዳቸውም አልጠየቁኝም። እኔም ማንንም አልጠየቅሁም። የዓይን አፋርነት አንዱ ጥቅሙ ጥያቄ አለማባከን ነው።

ጥያቄው ከእማዬ ታሪክ ውስጥ የወጣ ነው። ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ግን ስለ ቡፌ ትንሽ ላውራችሁ። አራዳ ውስጥ ቤት ያለው ሰው ሁሉ፣ ከጊዮርጊስ ጀርባ እንደ እኛ በሁለት ክፍል የሚኖረውም ቢሆን፣ ቡፌ አለው። ቡፌው መስተዋት አለው፣ መስተዋቱ ቁልፍ አለው፣ ቁልፉ የት እንዳለ የምታውቀው የቤቱ እመቤት ብቻ ናት። አንድ ቤተሰብ ምን እንደማይጠቀም ማወቅ የፈለገ ቡፌውን ይመልከት። ማንም ያልጠጣባቸው ብርጭቆዎች፣ ማንም ያልበላበት የግርማዊነታቸው ምስል ያለበት ሳህን፣ ከተገዛች ጀምሮ ቬሎዋን ያላወለቀች ሙሽራ አሻንጉሊት፤ ከእያንዳንዱም ሥር ዳንቴል። ዲግሪዬን ይዤ ከመጣሁ ወዲህ እማዬ እኔንም ለእንግዳ የምታሳየኝ ቡፌውን በምታሳይበት ድምፅ ነው። ቅር አይለኝም። ቢያንስ አቧራ ታራግፍልኛለች።

የእማዬ ታሪክ አጭር ነው። በጠላት ጊዜ፣ ገና ልጃገረድ ሳለች፣ ታናሽ እህቷን ዘነቡን አስከትላ ልብስ ልታጥብ ወንዝ ወረደች። አይሮፕላን መጣ። ዘነቡ አይሮፕላን አይታ አታውቅም ነበርና እጇን አነሣችለት። አለፈ። ከዚያ ተመለሰ። ሲመለስ በመትረየስ መታት።

እማዬ ይህን ስትነግረኝ ምንጊዜም የምትጨርሰው በአንድ ቃል ነው። «ሰውየው አላየም። ከዚያ ላይ ሆነው ሲያዩት ሰው በግ ይመስላል አሉ። አይቶማ ቢሆን እጇን ላነሣችለት ሕፃን አይተኩስም።»

እማዬ ይህን ሁሉ ዓመት የኖረችው በዚህች «አላየም» ላይ ነው። ጃንሆይ ጣሊያንን ማሩ ሲሉ ብዙ ሰው ጥርሱን ነክሶ ነው የማረው፤ እሷ ግን ከልቧ ነበር። ከቤታችን ዝቅ ብሎ ከጦርነቱ በኋላ እዚሁ የቀረ ሲኞር ፒኖ የሚባል ሽማግሌ ዳቦ ጋጋሪ አለ። በጦርነቱ ጊዜ የጭነት መኪና ነጂ ነበርኩ ይላል። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ዳቦ የምንገዛው ከእሱ ነው። ጠዋት ጠዋት ባርኔጣውን ያነሣላታል፤ እሷም ጎንበስ ትልለታለች። ያላየ ሰው ምን ተደርጎ ይጠላል?

እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ መልሱን አንብቤው ነበር። መጽሐፉን ዘግቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ለማን ይነገራል?

ከዚያ ዳዊት መጣ። መሐንዲስ ነው፣ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ። ሽማግሌ ተልኮ፣ ተፈቅዶ፣ ቀለበት ታስሮልኛል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። የጦር አይሮፕላኖችን ትንንሽ ምስል እየሠራና እየቀባ ይሰበስባል። አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ካርቶን ይዞ መጣ።

«እትዬ ብርቄ፣ ለቡፌዎ ነው» አላት።

ከክምችቱ አንዱን ነበር ያመጣላት። መዳፍ የሚያህል የጣሊያን ተዋጊ አይሮፕላን፤ ክንፉ ድርብ፣ መትረየሱ እንደ መርፌ የቀጠነ። ከጎኑ ጣት የማትሞላ አብራሪ ቆማለች ልበል፣ ቆሟል? ከማነሱ የተነሣ ያሳዝናል። የቆዳ ቆብ አድርጓል፣ ቀኝ እጁን አንሥቷል፣ ፈገግ ብሏል።

እማዬ አይሮፕላኑን አልነካችውም። አብራሪውን በሁለት ጣቷ አነሣችው።

«ይሄ እጁን የሚያነሣው ለማን ነው ልጄ?»

«ሊበር ሲል ለሚሸኙት ነዋ።»

«ከላይ ሆኖስ መሬት ያለ ሰው ይታየዋል?»

እኔ ሻይ እየቀዳሁ ነበር። ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ልረግጠው አሰብኩ፤ ዓይን አፋርነቴ ግን እስከ እግሬ ድረስ ይወርዳልና ሳልረግጠው ቀረሁ። ስለ ዘነቡም ነግሬው አላውቅም።

ዳዊት አማቱ ስለ አይሮፕላን ስለጠየቁት ደስ አለው። «ጥሩ አድርጎ እንጂ እትዬ። ይሄ እንደ ትልልቆቹ አይደለም፤ ዛፍ ሊነካ ምንም እስኪቀረው ዝቅ ይላል። የልብስ ቀለም ሳይቀር ይለያል፣ ሴትና ወንድ ይለያል፣ ትልቅና ትንሽ ይለያል። አንዴ አልፎ ያያል፣ ከዚያ ተመልሶ ይመታል።»

የእማዬ ፊት ሲጠፋ አየሁ። ሌላ ቃል የለኝም። ዳዊት ወደ ሞተሩ አለፈ፤ ከሞተሩም ወደ ነዳጁ። ሻዩ ቀዘቀዘ።

ከዚያ ቀን በኋላ እማዬ ዳቦ የምታስመጣው ከወዲያ ማዶ ሆነ። በሲኞር ፒኖ በር ላይ ስታልፍ መንገዱን ትሻገራለች። ሽማግሌው ባርኔጣውን አንሥቶ እጁ አየር ላይ ይቀራል። አንድ ቀን ዱቄት በዱቄት እንደሆነ አስቆመኝ።

«እማማ ታመመ?»

«አልታመመችም።»

«እኔ ምን አረገ?»

ምንም አላደረግክም አልኩት። እውነቴን ነበር፤ ግን አልጠቀመውም።

ዳዊትን ፒያሳ፣ ኬክ ቤት፣ አስቀምጬ ስለ ዘነቡ ነገርኩት። ደነገጠ፤ ኬኩንም ገፋ አደረገው። ቀጥዬ፣ ከየት እንዳመጣሁት በማላውቀው ድፍረት፣ «መጥተህ ተሳስቼ ነበር በላቸው» አልኩት።

«ግን አልተሳሳትኩም እኮ።»

«አውቃለሁ። እኔም አንብቤዋለሁ።»

«ታዲያ የተማርነው ለመዋሸት ነው? ሰው ስለጠየቀኝ እውነቱን መለስኩ፤ ጥፋቴ ምንድን ነው?»

እኔ እንጃ። እስከ ዛሬም ጥፋቱን በሥርዓት ጽፈሽ አቅርቢ ብባል አልችልም። በማግስቱ፣ ካላመኑ አስረጃቸው ብሎ፣ ገጹ ምልክት የተደረገበት ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ላከልኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት መጽሐፉን ይዤ ከእማዬ አጠገብ ተቀመጥኩ። ምልክት ያለበትን ገጽ ገለጥኩና ተረጎምኩላት። «አብራሪው መሬት ላይ ያለውን ሰው ከበግ ለይቶ አያይም።» መጽሐፉ እንዲህ አይልም። እንግሊዝኛ መማሬ የዚያን ቀን ያህል ጠቅሞኝ አያውቅም።

እማዬ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ካላየ ለምን ተመለሰ ይላል?» አለችኝ።

ጥያቄዬን። ያን ሁሉ ዓመት የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ በአንድ ጣሪያ ሥር አንዳችን ከሌላችን ደብቀን ሁለታችንም ይዘነው ኖረናል።

«ለማየት» አልኩ ገጹ ላይ አቀርቅሬ። «መጀመሪያ ስላላየ ለማየት ተመለሰ። ፀሐይ ዓይኑን ወግታው ሁለተኛም አላየም።»

«ፀሐይዋንም ጽፈዋታል?»

«ጽፈዋታል።»

እጇን ገጹ ላይ አሳረፈች፤ ትኩሳት እንደምትለካ ሰው። ማንበብ አትችልም። እኔን ማንበብ ግን ማን ይከለክላታል?

«እንግዲያው አላየም እንበል» አለች። እጇን ከገጹ ላይ አንሥታም፣ «ያኛውስ ሰማይ ላይ ነበር። ይሄኛው ግን ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ ሻዬን እየጠጣ ነው ያላየኝ» አለች።

በማግስቱ ዳቦው ከሲኞር ፒኖ መጣ። እኔም ቀለበቱንና አይሮፕላኑን በመጣበት ካርቶን አድርጌ ለዳዊት መለስኩ። ሰፈሩ እስከ ዛሬ አልተረጋጋም። መኪና ያለው መሐንዲስ በአሻንጉሊት ምክንያት፣ ይላሉ ሴቶቹ ጊዮርጊስ ደጅ ላይ፤ ማንበብ ሲበዛ እንዲህ ያደርጋል እያሉም ለሴት ልጆቻቸው ይፈራሉ። ዳዊት ስለ ቀለበቱ ምንም አላለም። አብራሪው ግን ከካርቶኑ ውስጥ እንደሌለ፣ ያለ እሱ ክምችቱ ጎደሎ እንደሚሆን፣ ቢላክለት ደስ እንደሚለው በጨዋ ቃል አስነገረኝ።

አብራሪውን ያስቀረችው እማዬ ናት። «ያለ አይሮፕላኑ ምን ያደርጋል? ይቀመጥ» ብላ፣ ሥሩ ዳንቴል አንጥፋ፣ ከሙሽራዋ አሻንጉሊት አጠገብ አቁማዋለች። እጁን እንዳነሣ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ሰማዩ አድርጎ።

ይመለስለት አይመለስለት ስል ሰነበትኩ። በመጨረሻ ዛሬ ጠዋት የቡፌውን ቁልፍ ከእማዬ ጠየቅሁ፤ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰጠችኝ። መስተዋቱን ከፍቼ የአብራሪውን ፊት ወደ እኛ አዞርኩና መልሼ ቆለፍኩ። ከዚህ ሆኖ ካላየን፣ እንግዲህ አያየንም።