የጋሽ ሰይድ አራተኛ ደብዳቤ

ሆድና አንጀት ባይኖሩን ኖሮ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ምን ይውጠን ነበር እላለሁ አንዳንዴ። ሲከፋን ሆድ ይብሰናል፤ ስናዝን አንጀታችን ይላወሳል፤ ስንሳሳ ሆዳችን ይባባል። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም። ለእያንዳንዱ ስሜት አንድ ግስ አዘጋጅቶ፣ ተኩሶና አጣጥፎ መዝገበ ቃላት ውስጥ አስቀምጦላችኋል፤ የእናንተ ሥራ አውጥቶ መልበስ ብቻ ነው። ይህን የምላችሁ ከመሬት ተነስቼ አይደለም፤ ስምንት ዓመት ሙሉ እንጀራዬ ይኸው ነበር።

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል በር ላይ «ጽሕፈትና ትርጉም» የሚል ሰሌዳ ሰቅዬ ነበር። ጊዜው ልጆች በጉዲፈቻ ወደ ውጭ የሚሄዱበት ስለነበር፣ ለፈረንጅ አገር ደብዳቤ የሚያስጽፍ ወላጅ አላጣሁም። ታዲያ አንድ ልማድ ነበረኝ፤ ልማድ ልበለው እንጂ ጉራ ነበር። ባለጉዳዩ የነገረኝን ደረቅ ወሬ ወደ ጎን እተውና በሚያማምሩ የስሜት ግሶች አስጌጥለታለሁ። ሰውየው ላሟ ወለደች ቢለኝ እኔ ናፍቆትሽ አቃጠለኝ ብዬ እጽፋለሁ። በአማርኛ የተጻፈ ደብዳቤ ከመታሸጉ በፊት ለባለቤቱ ተመልሶ ይነበብለታል፤ ይህ የደብዳቤ ጸሐፊ ሁሉ ወግ ነው። እንግሊዝኛውን ግን ማን ይሰማዋል? አላነብም ነበር።

ጋሽ ሰይድ የገራዶ ገበሬ ናቸው። ባለቤታቸው በሞቱ በዓመቱ እሳቸውም ሳንባቸውን ታመው ደሴ ሆስፒታል ተኙ። የጉዲፈቻ ሰዎች መጥተው አነጋገሯቸውና እሳቸው ወረቀቱን ፈረሙ። ልጃቸው መዲና አራት ዓመቷ ነበር። እሳቸው ዳኑ፤ እሷ ጣሊያን ገባች። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ሰባት ዓመታት በእኔ እጅ ሦስት ደብዳቤ ልከዋል። አሳዳጊዋ ፎቶግራፍና ሁለት መስመር ሰላምታ ትመልሳለች፤ ከልጅቷ ግን አንድ ቃል የለም። ጋሽ ሰይድ የሚፈሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቴ ጣለኝ ብላ እንዳታድግ።

አራተኛውን ጽፌ ልንልክ ስንል ከአሳዳጊዋ መልእክት መጣ። እስካሁን እንግሊዝኛውን እያነበበች የምትነግራት እሷ ነበረች፤ መዲና አሁን ራሷ ማንበብ ትፈልጋለችና ቢቻላችሁ በጣሊያንኛ ጻፉላት ትላለች።

እኔ የማውቃቸው ጣሊያንኛ ተናጋሪ ኮምቦልቻ የሚኖሩት ጋሽ ተፈራ ብቻ ነበሩ። በወጣትነታቸው አገሩ ሳይመለስ በቀረ አንድ ጣሊያናዊ ጋራዥ ውስጥ የሠሩ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። እኔና ጋሽ ሰይድ ደብዳቤውን ይዘን በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወረድን። ኮቴን የኮምቦልቻ ሙቀት አስወለቀኝ፤ ኩራቴን ደግሞ ጋሽ ተፈራ።

ጋሽ ተፈራ እንግሊዝኛ አያውቁም። ስለዚህ እኔ የእንግሊዝኛውን ግስ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፣ እሳቸው ከዚያ ተቀብለው ወደ ጣሊያንኛ ይወስዱታል። ጋሽ ሰይድ አጠገባችን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የሠራሁት ስህተት ለእናንተ ሳይገለጥላችሁ አይቀርም፤ ለእኔ ግን አፌን እስክከፍት ድረስ አልታየኝም።

«‹አመልክሻለሁ› ይላል» አልኩ።

«አስተግፊሩላህ!» ጋሽ ሰይድ ብድግ አሉ። «ማነው ያመለከ? እኔ?»

ቶሎ ብዬ ዘለልኩት። «‹ናፍቆትሽ ያነድደኛል፤ መለየትሽ ያደቅቀኛል›።»

ጋሽ ተፈራ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ስማ ልጄ፤ የእኔ ጣሊያንኛ የጋራዥ ነው። ያዝ ያውቃል፣ ፍታ ያውቃል፣ ጠብቅ ያውቃል። መንደድና መድቀቅ የሚያውቀው ለሞተር ነው። ለመሆኑ ሰውየው ራሱ ምን አለ?»

አፍሬ፣ ጋሽ ሰይድ ሲነግሩኝ የጫርኩትን ማስታወሻ አወጣሁ። «ከሆስፒታል ስወጣ ቤት ውስጥ አልነበርሽም። የምትተኚበትን መደብ እስካሁን ለማንም አልሰጠሁም፤ እንግዳ ሲመጣ ሌላ ቦታ አነጥፍለታለሁ።» ሦስተኛው መስመር ላይ ሳልደርስ ጋሽ ተፈራ መጻፍ ጀምረዋል።

«ይህ በእኔም ጣሊያንኛ ይጻፋል» አሉ። «‹እወድሻለሁ› የሚለው ነው የቀረን። ጣሊያኑ አለቃዬ ሴት ልጁን ትምህርት ቤት ሲሸኛት የሚላት ነገር ነበረ። ቃሉ ሲፈታ ‹ጥሩሽን እፈልጋለሁ› ማለት ነው። አባት ለልጁ የሚለው እሱን ነው።»

ደስ አለኝ። ትርጉሙ ልክ ነበር፤ ወፍራሙ መዝገበ ቃላቴ እንኳ ከዚህ የተሻለ አይሰጠኝም። ጋሽ ሰይድ ግን ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ወለሉን ያያሉ።

«እሱን ይተውት ጋሼ» አሉ በመጨረሻ። «ያኔም ያስፈረሙኝ ጥሩዋን ትፈልጋለህ ወይ ብለው ነው። ፈልጌ ሰጠኋት። ወላሂ፣ አሁን ጥሩዋን አይደለም የምፈልግ። እሷን ነው። ላያት ነው የምፈልግ። እንደዚያ ይበሉልኝ።»

«አብሽር ሰይድ» አሉ ጋሽ ተፈራ። ጻፉት። ከዚያም ሁሉንም ከጣሊያንኛው ወደ አማርኛ እየመለሱ፣ ቀስ ብለው፣ ለባለቤቱ ለጋሽ ሰይድ አነበቡላቸው። ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላም። ሁለት ገጽ የለመድኩት እኔ እንዲህ ያለ ራቁቱን የሆነ ደብዳቤ መላኩ አሳፍሮኝ አንድ «ዘላለም» እንኳ ልጨምርበት ለመንኳቸው። ሁለቱም እምቢ አሉኝ።

መልሱ ከሁለት ወር በኋላ በልጅ እጅ ጽሑፍ፣ በጣሊያንኛ ተጽፎ መጣ። ጋሽ ሰይድን ይዤ ቁልቁለቱን እንደገና ወረድኩ። ጋሽ ተፈራ መነጽራቸውን ጠርገው አነበቡት።

«አባቴ፣ ትምህርት ሲዘጋ አንተ ዘንድ እንድንመጣ እናቴን ጠይቄያታለሁ፤ እሺ ብላኛለች። ልታየኝ እንደምትፈልግ እስከ ዛሬ ማንም አልነገረኝም ነበር።»

ጋሽ ሰይድ እንባቸውን በፎጣቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ እኔ ዞሩ። አልተቆጡም፤ ነገሩ ግራ ገብቷቸው ነው።

«አንተ ልጅ፣ ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጀምሮ ይህንኑ ስልህ አልነበር እንዴ?»

ብለውኛል። በእያንዳንዱ ደብዳቤ ብለውኛል። ተራ ቃል መስሎኝ ነው የተውኩት።