ቁልቁለቱ የተበላበት ሠርግ

የመኪናዋ ማስነሻ ሞተሪኖ ባረፈ በሁለተኛው ዓመት፣ ካንዴላዎቿ በታደሱ በወሩ፣ በዘመነ አባ ቁልቁል፣ ጡረተኛው ፕላን ነዳፊ፣ የአሮጊቷ ጣሊያን ሠራሽ የቤት መኪና ጌታ፣ መዋኤ ዝገት፣ ሥዩመ ቁልቁለት፣ አንዲት ልጃቸውን ሊድሩ ተነሡ፤ እኛም ያየነውን ሳንጨምር ሳንቀንስ፣ ብንጨምርም ለክብራቸው ብለን እንጽፋለን።

የመኪናዋ ጠባይ እንዲህ ነበረ። ለሞተሪኖው ምትክ ተፈልጎ ከታጣ ወዲህ በቁልፍ አትነሣም፤ አፍንጫዋን ቁልቁል አድርገው አፋፍ ላይ ያቆሟታል፣ የእጅ ፍሬኑን ይለቃሉ፣ ስትንደረደር ማርሽ ያስገባሉ፣ ያን ጊዜ አስላ አስነጥሳ ትነሣለች፤ ከቆመች ግን ሞተሯ ወዲያው ይጠፋል። ስለዚህም አባ ቁልቁል ቤት የተከራዩት በዳገት፣ ሐኪም የመረጡት በዳገት፣ ዘመድ የሚጠይቁት በዳገት ነበረ፤ ሜዳ ላይ የሚኖሩት አክስታቸውማ ታመው፣ ድነው፣ መታመማቸውንም እስኪረሱት ድረስ ጠያቂ አላዩም። ሰው በወደደው ቆረበ፣ ምን ይደረግ።

ልጅቱ ገና ሕፃን ሳለች፣ በኋላ ወንበር ተጋድማ፣ ሙሽራ ስትሆን በዚህችው መኪና ሊያደርሷት ቃል ገብተውላት ነበር፤ እሷም አልረሳችውም። እመ ሙሽራ ግን፣ ባለቤታቸው፣ በመኪናዋ አንጀታቸው ያረረ፣ በሠርጉ ዋዜማ ከጓዳ ወጥተው አዋጅ አስነገሩ፦ «ስሙ፣ የሰማችሁ ላልሰማ ንገሩ። ነገ ይቺ ቆርቆሮ ልጄን አዳራሽ ካደረሰች እሰየው። መንገድ ላይ ካዋረደችን ግን በማግስቱ ለቁራሌው ነው የምሰጣት። ለማንኛውም ሌላ መኪና ተከራይቻለሁ።» አባ ቁልቁልም ይህን ሰምተው እህል አልቀመሱም።

ወበጽሐ ዕለተ ከብካብ፤ የሠርጉ ቀን ደረሰ። የእመ ሙሽራ ወንድም፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ንጽሕና ወዳዱ፣ ደግነቱ ሁልጊዜ ጣጣ የማያጣው፣ ማለዳ ተነሥቶ መኪናዋን ሊያጥብ ወደደ፤ የውሃው ቧንቧ ከታች ሜዳው ላይ ነበርና ፍሬኑን ለቅቆ፣ ሞተሯን ሳያስነሣ፣ ቀስ አድርጎ አወረዳት፤ አጠባት፣ ወለወላት፣ አበባም አሰረባት። እንዲህ አድርጎ ቁልቁለቱን ሁሉ በላው። አባ ቁልቁል መኪናቸው ሜዳ ላይ ስታብረቀርቅ ባዩ ጊዜ ለአማቻቸው የሚናገሩት ብዙ ነበር፣ ሠርግ ነውና ዋጡት።

ንግባእኬ ኀበ ጥንተ ነገር፣ ወደ ነገራችን እንመለስ። ሠራዊቱ ተሰለፈ፤ ሚዜዎች ከነከረባታቸው፣ አክስቶች ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው፣ የሙሽራው አባት ወገባቸውን እየደገፉ፣ ካሜራማኑ የኋሊት እየሄደ። ገፉ፤ መኪናዋ ወይ ፍንክች። ሙሽራይቱም እንዲቀላቸው ብላ ወረደች። ዳግመኛ ገፉ፤ አሳላት፣ አስነጠሳት፣ ተነሣች። አባ ቁልቁል ክላክስ እየነፉ ሸመጠጡ፣ ጥቂት እንደሄዱም በመስተዋት ቢመለከቱ ልጃቸው ነጭ ለብሳ አቧራው መሐል ቆማለች።

በዚያች ሰዓት የነገሥታት ጭንቅ ያዛቸው። ቢያቆሙ ሞተሩ ይሞታል፣ መኪናዋም የቁራሌው ሲሳይ ትሆናለች፤ ባያቆሙ ልጃቸው ትቀራለች። ሜዳውን እየዞሩ፣ በሩን ገርበብ አድርገው፣ ዘለሽ ግቢ ብለው በእጃቸው ጠቀሷት፤ ቀሚሷ ግን ለዝላይ የተሰፋ አልነበረም። የኪራዩ መኪና በሩን ከፍቶ ይጠብቃት ነበር፤ እሷ አባቷን እያየች እንባዋ መጣ። ያን ጊዜ አባ ቁልቁል ፍሬን ያዙ። ሞተሩ ጸጥ አለ። ወርደው በሩን ራሳቸው ከፈቱላት፣ እሷም የኪራዩን መኪና ዞራ ሳታይ ገባች።

ሁሉም ወደ እመ ሙሽራ ዞረ። እሳቸውም ጫማቸውን አውልቀው አወጁ፦ «ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ? አዳራሹ እዚሁ ነው። ግፉ እንጂ። እጁን ያነሣ ምሳ የለውም።» ይህን ብለውም ከሁሉ ቀድመው ከኋላ ተደገፏት።

እንዲህም ሆነው፣ ያለ ሞተር፣ በላብና በሳቅ፣ ሙሽራው አዳራሹ ደጅ ቆሞ ሲጨነቅ ደረሱ። በማግስቱ ቁራሌው እየተጣራ ሲያልፍ መኪናዋ አፍንጫዋን ቁልቁል አድርጋ አፋፉ ላይ ቆማ ነበር፤ ከጎማዋ ሥር ድንጋይ ያስደገፉትም እመ ሙሽራ ራሳቸው ነበሩ።

ሌሎች ጌቶች በሞተር ሄዱ፤ አባ ቁልቁል በሚስታቸው ክንድ ሄዱ። ክብር ለእርሳቸው፣ መኪናቸውን አጥፍተው ልጃቸውን ላነሡት፤ ክብር ለእመ ሙሽራ፣ አዋጃቸውን በገዛ እጃቸው ለሻሩት፤ ስማቸው ዳገት እስካለ ይጠራ፣ የፀጉር አስተካካዩም እጅ ከእጅ ፍሬኑ ለዘለዓለም ይራቅ።