የፈተና ሰሞን ሽማግሌ

በዚህ ዓለም ላይ ፈተና ከደረሰበት ተማሪ የበለጠ ደግ፣ ታታሪና ለሰው አሳቢ ፍጡር የለም! ካላመናችሁኝ በፈተና ሰሞን ብቅ ብላችሁ እኔን እዩኝ። ዕቃ አጓጉዝልን ካላችሁኝ አጓጉዛለሁ። ለቅሶ አለ ካላችሁኝ ሟቹን ባላውቀውም ከዘመድ ቀድሜ ደርሼ ድንኳን እተክላለሁ። ብቻ… መጽሐፍ ግለጥ እንዳትሉኝ!

ስለ ኑሮዬ ለምትጠይቁኝ ወዳጆች፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የፈተናው ፕሮግራም ከተለጠፈ ወዲህማ ሕይወቴ ተለውጧል! ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር የተከራየኋት ክፍል መጋረጃዋ ታጥቧል። ከገባሁ ጀምሮ ሲንጣጣ የኖረው በሯ ዘይት ተቀብቷል። ዳቦ መጋገር ተምሬያለሁ፤ ታቹ ያርራል፣ ላዩ ገና ሊጥ ነው፣ መሃሉ ግን ይበላል። ለአከራዬ ለአባ ፊጣ ዶሮዎች ስም አውጥቼላቸዋለሁ፣ የዶሮ ቤቱንም አድሼላቸዋለሁ። ተኳርፈው የኖሩ ሁለት ጎረቤቶቻችንንም አስታርቄያለሁ፤ አሁን አንድ ላይ ሆነው እኔን ያሙኛል።

ያልነካሁት ነገር ቢኖር ባዮስታቲስቲክስ ነው።

ለማታውቁኝ ልንገራችሁ፤ የጤና ባለሙያ ነኝ። መሥሪያ ቤቴ ማስተርሴን እንድማር ጅማ ልኮኛል። ባለፈው ሴሚስተር ግን ማስጠንቀቂያ ቀምሻለሁ። ሰኞ በሚሰጠው የባዮስታቲስቲክስ ፈተና ከወደቅኩ መሰናበቴ ነው። በግ አርደው፣ መርቀው ወደ ሸኙኝ የወረዳችን ሰዎች ሻንጣዬን ጎትቼ መመለሴ ነው እንግዲህ! «ታዲያ ይህን እያወቅህ ለምን አታጠናም?» ትሉኝ ይሆናል። እናንተ ደግሞ! ሰው እንደፈለገው የሚሆን መስሏችሁ ነው? መጽሐፉን ስገልጠው ዓይኔ ገጹ ላይ ያርፋል፣ ልቤ ግን ጥግ ላይ የቆመውን መጥረጊያ ያያል።

ቅዳሜ ጠዋት እንደምንም ብዬ መጽሐፉን ገለጥኩ። የምዕራፉን ርዕስ አንብቤ ሳልጨርስ በሬ ተንኳኳ። የተሰማኝን ደስታ ምን ብዬ ልንገራችሁ!

የመጣው በረከት ነው። በረከት እንደ እኔው የአባ ፊጣ ተከራይ ነው፤ ከሆሳዕና በኩል መጥቶ መንደራ ቆጪ ሰፈር ሞባይል ይጠግናል፣ እሁድ እሁድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናቸው ኪቦርድ ይመታል። ጨዋ ልጅ ነው። ያን ቀን ግን ፊቱ ዐመድ መስሏል።

«ወንድሜ፣ ጉድ ሆኛለሁ» አለኝ። «ዛሬ ወደ ማርታ ቤተሰቦች ሽማግሌ ልልክ ነበር። አንዱ ሽማግሌ ወገባቸውን ይዟቸው ተኝተዋል።»

«እኔ እሄዳለሁ!»

«ኧረ ገና አልጠየቅኩህም!»

«ጠይቀኸኛል። የት ነው?»

«አጋሮ። ያሳደጋት አጎቷ፣ ጋሼ የምትለው፣ በጣም የተማረ ሰው ነው አሉ። ከእኛም በኩል አንድ የተማረ ሰው ቢኖር ብዬ ነው… ግን አንተ ፈተና የለብህም እንዴ?»

«ፈተና!» ብዬ ሳቅኩ። «አንተ የትዳር ጉዳይ ይዘህ ቆመህ እኔ ስለ ፈተና ላስብ? ሰው አይደለሁም?» ይህን ስናገር ካልሲዬን እያጠለቅኩ ነበር።

ሽማግሌ ለመሆን ዕድሜዬ ባይፈቅድም ፀጉሬ ከፊት መሸሽ ስለጀመረ ብዙም አያሳማም። የቡድኑ መሪ የበረከት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ጋሽ ላምቤቦ ናቸው። ሁለተኛው አከራያችን አባ ፊጣ ናቸው፤ የጅሬን ሰው፣ በጨዋታቸውም በምርቃታቸውም የታወቁ። ሚኒባሱ ገና ከጅማ ሳይወጣ ጋሽ ላምቤቦ ደንቡን ያስጠኑኝ ጀመር።

«ቁጭ በሉ ካልተባልን አንቀመጥም። እሺ ካልተባልን እህል አንቀምስም። አንገትህን ደፍተህ ትቆማለህ። ተራህ ሲደርስ ደግሞ አንተ የምትናገረው ስለ ልጁ ትጋት ነው።»

«ስለ… ትጋት?»

«ኤዬ! ስለ ትጋት!» አሉ አባ ፊጣ። «ዋላሂ፣ ያን የዶሮ ቤት እንዴት እንዳደስከው አይቻለሁ። ስለ ትጋት አንተ ካልተናገርክ ማን ሊናገር ነው፣ ኢልማ ኮ?»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በኦሮምኛ ‹ልጄ› እያሉ ሲያሞግሱኝ በራሴ ኮራሁ።

አጋሮ ደረስን። ግቢው ውስጥ ቡና ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፤ እንዳትነግሩብኝ እንጂ፣ ገብቼ ባገላብጥላቸው ደስ ይለኝ ነበር። ሳሎን ውስጥ የማርታ እናትና ዘመድ አዝማድ ተሰብስቧል። አጎትየው ጓሮ ስልክ እያወሩ ስለሆነ «እናንተ ጀምሩ፣ ይደርሳል» ተባልን። እንደ ደንቡ አንገታችንን ደፍተን ቆምን። ጋሽ ላምቤቦ ስለ ልጁ ቤተሰብ ተናገሩ። አባ ፊጣ ስለ ጠባዩ መሰከሩ። ተራው የእኔ ሆነ።

«በረከት» አልኩ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «የዛሬን ሥራ ለነገ የሚያሳድር ልጅ አይደለም! ጊዜ ማለት ለእሱ…»

በዚህ ጊዜ አንድ ቡናማ ጫማ ወደ ሳሎኑ ገብቶ ፊት ለፊቴ ቆመ። አንገቴን ስለደፋሁ የማየው ጫማውን ብቻ ነው። ይህን ጫማ የት ነው የማውቀው? አሰብኩ፣ አሰብኩ… ፈተና ላይ ወረቀቴ ላይ እንዳቀረቀርኩ ከወንበሬ አጠገብ መጥቶ የሚቆም ጫማ ነው!

«ቀጥል እንጂ» አለኝ የማውቀው ድምፅ። «ጊዜ ማለት ለእሱ ምንድን ነው?»

ቀና አልኩ። ዶክተር ማቴዎስ! የባዮስታቲስቲክስ መምህሬ!

አንገቴን መልሼ ደፋሁ። ጋሽ ላምቤቦ ግን ፊታቸው በራ። «ትተዋወቃላችሁ እንዴ?»

«ተማሪዬ ነው» አሉ ዶክተር ማቴዎስ።

«ጌታ ይባረክ! እንግዲያማ ከወዲሁ ቤተሰብ ነን!»

«ሰኞ ጠዋት ፈተና አለው።»

ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የማርታ እናት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ከነገ ወዲያ?» አሉ፣ መርዶ እንደሰማ ሰው።

«እሱስ ታታሪ ልጅ ነው» ብለው ሊያድኑኝ ገቡ አባ ፊጣ። «በዚህ ሳምንት እንኳ የዶሮ ቤቴን…»

«የዶሮ ቤት?» አሉ ዶክተር ማቴዎስ። «የዶሮ ቤትም አድሷል?»

አባ ፊጣ የሠሩት ሥራ ገባቸው። «አስተግፊሩላህ» ብለው የሙስባሃ መቁጠሪያቸውን አወጡ።

«ሽማግሌ ማለት ዋስ ማለት ነው» ቀጠሉ ዶክተር ማቴዎስ። «ነገ ልጁ ቢያጠፋ የምንይዘው እናንተን ነው። አንተ ለልጁ ዋስ ትሆናለህ?»

«እሆናለሁ፣ ዶክተር።»

«ላንተስ ማን ዋስ ይሁንህ?»

ጋሽ ላምቤቦን አየኋቸው። ጣሪያውን ያያሉ። አባ ፊጣን አየኋቸው። ሙስባሃቸውን ይቆጥራሉ።

ዘመዶቹ ለምክር ወደ ውስጥ ገቡ። ቆመን ጠበቅን። ሲመለሱ ዶክተር ማቴዎስ ተናገሩ። «ልጁን አልጠላነውም። መልሳችንን የምንሰጣችሁ ግን የዚህ ሽማግሌ ውጤት ከተለጠፈ በኋላ ነው። ካለፈ ምስክርነቱን እንቀበላለን፣ ከወደቀ እናስብበታለን። ወረቀቱን የሚያርመው ሌላ መምህር ነው፤ ለእሱም ሽማግሌ እንዳትልኩበት!»

ያን መንገድ እንዴት እንደተመለስን አትጠይቁኝ። በረከት አዲስ ሸሚዝ ለብሶ መናኸሪያ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ጋሽ ላምቤቦ ሁሉንም ነገሩት። ቢቆጣኝ፣ ቢሰድበኝ በወደድኩ! እሱ ግን «ማርታን ምን ብዬ ልንገራት?» አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አፈርኩ። ከልቤ አፈርኩ። የእኔ መውደቅ የራሴ ጉዳይ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ኀዘኑ ግን የቆየው ባጃጅ እስክናገኝ ነው። ግቢ እንደገባን በረከት እጁን ዘረጋ።

«ስልክህን አምጣ፣ ልጠግነው።»

«አልተበላሸም እኮ!»

«ይበላሻል!»

አባ ፊጣ መጥረጊያዬን፣ መዶሻዬንና የዳቦ ድስቴን ሰብስበው ቤታቸው ቆለፉባቸው። ያስታረቅኳቸው ጎረቤቶቼ ወንበር አውጥተው መስኮቴ ሥር ተቀመጡ፤ ቀና ባልኩ ቁጥር «አቀርቅር!» ይሉኛል፣ በአንድ ድምፅ! እሁድ ጠዋት ጋሽ ላምቤቦ በጉባኤው ፊት «አንድ ወንድማችን በስታቲስቲክስ ተይዟልና እንጸልይለት» ብለው ምእመኑን አስነሡት አሉ። ከሰዓት በኋላ በረከት የራሱን ስልክ በመስኮት አቀበለኝ። ማርታ ናት።

«ወንድሜ፣ ስንተኛው ምዕራፍ ላይ ደረስክ?»

«ሁለተኛው።»

«ገና?!» ብላ ስልኩ ውስጥ ልቅሶዋን ለቀቀችው። እውነት ለመናገር ከመጽሐፉ ደራሲ ይልቅ ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ሦስተኛውንና አራተኛውን ምዕራፍ እንባዬን እየጠረግሁ ጨረስኳቸው።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ጊዜ፣ «ቧንቧው እኮ እየፈሰሰ ነው፣ መጥቼ ላጥብቀው?» ብዬ ሞክሬያለሁ።

«ይፍሰስ!» ብሎ ግቢው በሙሉ ጮኸብኝ።

ሰኞ ጠዋት ባጃጅ ሞልተው አደረሱኝ። «ጀባዱ፣ ኢልማ ኮ! በርታ!» አሉ አባ ፊጣ፣ ዱዓ አድርገው። ተፈተንኩ። ውጤት የተለጠፈ ቀን ደግሞ የክፍል ጓደኞቼ አንድ አንድ ሆነው ሲመጡ እኔ በሽማግሌዎች ታጅቤ ደረስኩ። ጋሽ ላምቤቦ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰዋል። በረከት ማየት አቅቶት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። መታወቂያ ቁጥሬን በጣቴ ፈለግሁ… አገኘሁት።

«ቢ!» ብዬ ጮህኩ።

«ማል? ቢ ምን ማለት ነው?» አሉ አባ ፊጣ።

በረከት ዞሮ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። «ማርታ ማለት ነው፣ አባ ፊጣ! ማርታ ማለት ነው!»

አጋሮ ተመለስን። ተቀመጡ ተባልን፣ እሺ ተባልን፣ በላን። ጋሽ ላምቤቦ የመዝጊያውን ጸሎት ሲጨርሱ ዶክተር ማቴዎስ ወደ በረንዳው ጠሩኝ።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ማርታን ለልጁ ለመስጠት የወሰንነው እናንተ ሳትመጡ ነው። ልጁን ከወደድነው ቆየን።»

«ታዲያ ያ ሁሉ… ለምን?»

«ሴሚስተሩን ሙሉ ‹አጥና› ብዬህ አልሰማህም። ሽማግሌ ሆነህ በገዛ እግርህ ቤቴ ድረስ ስትመጣ እንዲሁ ልልቀቅህ?»

አሁን የቀረኝ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። አማካሪዬ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ቶሎ እንዳስገባ አዘውኛል፤ እኔም ትናንት የአባ ፊጣን አጥር ቀለም ቀብቼ ጨርሻለሁ። በግቢያችን ሽማግሌ የሚልክ ወንደላጤ ደግሞ ከእኔ በቀር አልቀረም። ስለዚህ ውድ አንባቢዎቼ፣ ሽማግሌ የጎደለበት ካለ እባካችሁ እኔን አስቡኝ፤ የትም እሄዳለሁ። ብቻ… የልጅቷ አጎት አማካሪዬ አለመሆናቸውን አስቀድማችሁ አጣሩልኝ!