እናቴ «ይታተም» ስትል

ትናንት ሌሊት ሕልም አየሁ። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይላሉ፤ እናንተም በጎ በጎውን እያሰባችሁ ስሙኝ።

አስቀድሜ ሥራዬን ልንገራችሁ፤ አለዚያ ሕልሙ አይገባችሁም። ሳሪስ ውስጥ አንዲት ጠባብ ማተሚያ ቤት አለች፤ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ ብሮሹር እሠራለሁ። የመዋለ ሕፃናቱንም፣ የሪል ስቴቱንም፣ የጥርስ ክሊኒኩንም እሠራለሁ፤ የሚበዛው ግን የአርባና የሙት ዓመት ነው። ለወንዱ ሙሉ ልብስ ከነክራቫቱ፣ ለሴቷ የሀበሻ ቀሚስ ከነአንገት ሐብሉ፣ ሁለቱም ያለ ጭንቅላት ኮምፒውተሬ ውስጥ ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። ቤተሰብ የመታወቂያ ፎቶ ያመጣል፤ እኔ ጭንቅላቱን ቆርጬ አንገቱ ላይ እተክላለሁ፤ ከኋላው ሰማይና አንዲት ርግብ እጨምርበታለሁ። ከዚያ መከራዬ ይጀምራል። ደንበኛ የሚባል ፍጡር አንዴ አይቶ ደስ ብሎት አያውቅም። ስሙን አተልቀው ይለኛል፤ አተልቀዋለሁ። አሁንስ በዛ ይላል። ርግቧን ወደ ግራ ውሰዳት ይላል፤ ስወስዳት አክስትየዋ ትመጣና ወደ ቀኝ ታስመልሳታለች። የቤታችን ሕግ ደግሞ አንድ ነው፤ ደንበኛው ናሙናው ላይ «ይታተም» ብሎ ካልፈረመ ማሽኑ አይንቀሳቀስም። በዚህ ዓለም ላይ ከ«ይታተም» የበለጠ የምወደው ቃል አልነበረኝም።

እናቴ ወይዘሮ የሺመቤት ታማ ቤት ተኝታለች። ሐኪሞቹ «ቤት ውሰዷትና አስታምሟት» ብለውናል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የአገሬ ሰው ያውቀዋል። ቀን ቀን እህቴ ውድነሽ ናት የምታስታምማት፤ እኔ ከሥራ ስመለስ እተካታለሁ። ይህን በሆዴ ይዤ ነው የተኛሁት።

በሕልሜ ቀን ነበር፤ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። መንገድ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ለሦስት ታጥፏል። እንደ ብሮሹር ማለቴ ነው፤ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት ሁለት የማጠፊያ መስመር ወርዶበታል። የሚታየው የፊት ገጹ ብቻ ነው፤ የፊት ገጹ ላይ ደግሞ ሁሉም ይስቃል። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰውዬ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ግለጠኝ» አለኝ።

ገለጥኩት። ውስጡ ያለቅስ ነበር። እያለቀሰ ሰዓቱን ነገረኝ፤ አመስግኜ መልሼ አጠፍኩት፤ እሱም መሳቁን ቀጠለ። ታክሲው ውስጥ ማንንም አልገረመውም፤ እኔንም አልገረመኝም።

በዚያ አገር ብሮሹሩ ነው የሚቀድመው፤ ነገሩ ኋላ ይከተላል። የመዋለ ሕፃናቱ ብሮሹር ላይ የሚስቁ ልጆች ስለታተሙ ደንብ አስከባሪዎች ከየመንደሩ ልጅ እየለቀሙ «ሳቅ፣ ታትመሃል» ይሏቸው ነበር። ቀለም ቀቢዎች ረጅም መሰላል አቁመው ሰማዩን ይቀባሉ፤ ከሪል ስቴቱ ብሮሹር ጋር አልመሳሰል ብሏቸው ነው። አንዱ መሐንዲስ የመብራት ሽቦ ለዓይን አያምርም ብሎ ሽቦውን በላጲስ አጠፋው። የሰፈሩ መብራት በሙሉ ሄደ። ነዋሪዎቹ ግን ወደ ላይ እያዩ «አሁን ገና አማረ» ተባባሉ።

ማተሚያ ቤቱ ጋ ስደርስ አለቃዬ ጋሽ ተድላ በር ላይ ቆመዋል። በእውኑ ዓለም ጋሽ ተድላ ሰላምታ የሚሰጡት ለማሽኑ ብቻ ነው። አሁን ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉልኝ።

«እንደምን አደሩ አባቴ?»

«ደህና፤ አንተስ ተድላ?» አልኩ። አፌን ምን እንደነካው አላውቅም።

ውስጥ ጠረጴዛው ላይ አንዲት ቀይ ዶሮ ቆማለች። አራሚያችን እሷ ነበረች። የተሳሳተውን ፊደል ከወረቀቱ ላይ እንደ ጥሬ እየለቀመች ትውጣለች። ጋሽ ተድላ ወንበሬን በእጅጌያቸው ጠረጉልኝና «አንድ አስቸኳይ አለ» አሉ።

ኮምፒውተሩን ስከፍት እናቴ ናት። ጭንቅላቷ ከመታወቂያዋ ተቆርጦ እኔ በማውቀው ቀሚስ ላይ ተተክሏል። ያን ቀሚስ ከሷ በፊት የሳሪስ ሟች ሴት ሁሉ ለብሳዋለች። ከሥሩ ተጽፏል፤ «ወይዘሮ የሺመቤት ደግ፣ ተግባቢና ሰው አክባሪ ነበሩ። ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በዕለተ … ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።» የቀኑ ቦታ ባዶ ነው።

«ቀኑስ?» አልኩ።

«ቀኑማ ሲፈረም ይሞላል» አሉ ጋሽ ተድላ። «እርሳቸው ‹ይታተም› ያሉ ዕለት ነው።»

ነገሩ ገባኝ። እዚህ አገር ወረቀቱ ይቀድማል፤ እናቴ ከፈረመች ትሞታለች፤ ካልፈረመች አትሞትም። ቆይቶ ግን ተጽናናሁ። ደንበኛን አውቀዋለሁ፤ በመጀመሪያው ናሙና ላይ የፈረመ ሰው አይቼ አላውቅም። እርማት በእርማት ላይ እያስጨመርኩ ዕድሜ ልኬን እጎትተዋለሁ አልኩ። እናቴንም እንዲያስገቡልኝ አዘዝኩ።

በእግሯ ገባች። ከታመመች ወዲህ ቆማ አይቻት ስለማላውቅ ደስ አለኝ። እሷም እንደ ሰው ሁሉ ለሦስት ታጥፋለች፤ የፊት ገጿ ይስቃል። ስክሪኑን አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«ግሩም ነው ምንዬ» አለች። ስሜ ምንውየለት ነው፤ እሷ ምንዬ ትለኛለች።

«እማዬ፣ ደህና አድርገሽ እዪው እንጂ። ቀለሙ አልደበዘዘም?»

«ምኑ ደበዘዘ? ያምራል እኮ።»

«ስምሽስ አልተለቀብሽም?»

«ስሜ እንዲህ ተልቆ አይቼው አላውቅም። ተወው፤ እንዳለ ይሁን።»

ላብ አጠመቀኝ። እንዲህ ያለች ደንበኛ በጠፋችበት ዘመን የገዛ እናቴ ሆና መጣች። አላደርገውም የምለውን ሁሉ ማድረግ ጀመርኩ። ፊደሉን እንደ ሐረግ ጠመዘዝኩት። ቀለሙን ሮዝና ብርቱካናማ አድርጌ የሳሙና ማሸጊያ አስመሰልኩት። ፊቷን በወርዱ ስቤ እንደ ሰፌድ አሰፋሁት። ከርግቧ አጠገብ የጭነት መኪና አቆምኩ። በእውኑ ዓለም ይህን ያየ ቤተሰብ ወንበር ያነሳብኝ ነበር።

«ይበልጥ አማረ» አለች እናቴ።

የሕይወት ታሪኳንም አበላሸሁት። «ወይዘሮ የሺመቤት ለረጅም ዘመን የአውሮፕላን አብራሪ ነበሩ» ብዬ ጻፍኩ።

«ይህ እኮ ውሸት ነው እማዬ። አስተካክለው በይኝ።»

«አንድ ጊዜ እንኳ ብሳፈር እል ነበር» አለች። «አብራሪ ካደረግኸኝማ እሰየው። ይቆይ።»

ይህን ምኞቷን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ልቤ ተሰበረ። ቢቸግረኝ ዶሮዋን ጠራኋት። ዶሮዋ ወረቀቱ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለች በአንድ ዓይኗ መረመረችው፤ በሌላው ደገመችው።

«የሚለቀም የለም» አለች። «ንጹሕ ነው።»

በዚህ መሃል ውጭ ጫጫታ ሰማሁ። በመስኮት ሳይ ድንኳን ተተክሏል። ለቀስተኛው አግዳሚው ላይ ተደርድሮ፣ እጁን ጉንጩ ላይ አድርጎ፣ ብሮሹሩን ይጠብቃል። መዘግየቱ አስቆጥቶታል። የእድራችን ዳኛ አቶ ገብረየስ ብቅ አሉና ሰዓታቸውን አሳዩኝ።

«ምነው ልጄ፣ ሰው እኮ ሥራ አለው» አሉ። «ድንኳኑ ተተክሏል፣ ንፍሮው ተቀቅሏል፣ አልቃሿም መጥታለች። የቀሩት ሟቿ ብቻ ናቸው።»

«ይሰማሉ አባባ፤ እዚሁ ናቸው» አልኩ።

«አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው የምንጠብቃቸው።»

እናቴ ይቅርታ ጠየቀቻቸው። ይህ ነው ያንገበገበኝ፤ ሰው አስቆምኩ ብላ አፈረች። እጇን ወደ እስክሪብቶው ስትዘረጋ ቀድሜ አነሳሁትና ዋጥኩት። እንደ መድኃኒት በቀላሉ ወረደ።

«ፎቶው አይሆንም» አልኳት። «የመታወቂያ ፎቶ ለብሮሹር አይሆንም። ሌላ ፎቶ አምጪ፤ እስከዚያ ሥራው ይቆማል።»

«ፎቶማ ውስጤ ነው» አለች። «ግለጠኝ።»

ገለጥኳት። ውስጧ በሙሉ ፎቶ ነበር። የእኔ ክርስትና፣ የውድነሽ ሠርግ፣ ጋዎን ለብሼ የተመረቅኩበት ቀን፣ አባቴ ከነጓደኞቹ። እሷን ፈለግኳት። በየፎቶው ዳር አንድ እጅ አለ፤ ሳህን የያዘ እጅ፣ ብርጭቆ የሚያቀብል እጅ፤ አንዱ ላይ የቀሚስ ጫፍ በበር ሲወጣ ይታያል። ፊት የለም። ከላይ እስከ ታች ደግሜ ፈለግኩ።

«እማዬ፣ የት ነሽ?»

«ጓዳ ነበርኩ» አለች።

ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ጋሽ ተድላ መሐረብ አቀበሉኝ፤ ዶሮዋም ፊቷን አዞረች። እናቴ ግን ራሷን በራሷ አጥፋ እንደገና መሳቅ ጀምራለች።

በሙያችን አንዲት ነገር አለች፤ የሠራኸውን አንድ በአንድ ወደ ኋላ የምትመልስ። ኮንትሮል ዜድ እንላታለን። ከስንት ጉድ አውጥታኛለች። ተጫንኳት። የጭነት መኪናው ጠፋ። ደገምኩ፤ ፊቷ ጠበበ። ደጋገምኩት፤ ስክሪኑ ባዶ ሆነ። አላቆምኩም። አጠገቤ የተቀመጠችው እናቴ ሽበቷ ጠቆረ። ሳሏ ተዋት። ጉንጯ ሞላ፤ ወገቧ ቀና። እንዲህ ቆንጆ እንደነበረች አላውቅም ነበር፤ ደስታዬ ወሰን አጣ።

ስጫን ስጫን ወንበሩ ረዘመብኝ። እጄን አየሁት፤ የልጅ እጅ ነው። ሸሚዜ ጉልበቴን አልፏል። እግሬ መሬት ለቀቀ፤ እጄን ቁልፉ ላይ ለማድረስ መንጠራራት ያዝኩ። እሷ ወደ ጤናዋ በተመለሰች ቁጥር እኔ ወዳልተወለድኩበት እየሄድኩ ነበር። ይሁን፣ እኔው ልጥፋ ልል ፈለግኩ፤ ጥርስ አልነበረኝምና ቃሉ አልወጣልኝም። እንደገና ልጫን ስል ጠንካራ የወጣት ሴት እጅ እጄን ያዘው።

«ተው» አለችኝ። «አንተ ከምትጠፋ እኔ ልፈርም።»

እጄን አንስታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ወዲያው እንደ ነበርነው ሆንን፤ እኔ ጎልማሳ፣ እሷ አሮጊት። ያ ሮዝና ብርቱካናማ ናሙና ፊቷ ተዘርግቷል። አቶ ገብረየስ ከደጅ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«እስክሪብቶ የለም» አልኳት። «ውጬዋለሁ።»

«እኔ መቼ በእስክሪብቶ ፈርሜ አውቃለሁ?» አለች። አውራ ጣቷን የማሽኑ ጥቁር ቀለም ውስጥ ነከረች። እጇን ልይዝ ተወረወርኩ፤ ወለሉ እንደ ወረቀት ከሥሬ ታጠፈ፤ ወደቅኩ። ከወደቅኩበት ሆኜ አፏን አየሁት። «ይታ…» ስትል ነቃሁ።

ውድነሽ ትከሻዬን ይዛ ትነቀንቀኛለች። ነግቷል። ፊቷን ሳይ ብድግ አልኩ።

«እማዬ…» አልኩ።

«ትፈልግሃለች» አለች።

ገባሁ። እናቴ በትራስ ተደግፋ ቀና ብላለች። ጸጉሯን አበጥራ፣ የራሷን ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታለች። ለዚህ ሁሉ ከጎህ ጀምሮ እንደደከመች ያስታውቃል፤ ድምፅዋ እንዲሰማኝ ጎንበስ አልኩ።

«ስልክህን አምጣና ፎቶ አንሳኝ» አለችኝ። «ጎረቤታችንን ወይዘሮ ብርቄን በሰው ቀሚስ ነው የሸኛችኋት፤ ብሮሹሯን አይቼዋለሁ። እኔን በራሴ ቀሚስ አድርገኝ። መልኬ ሳይጠፋ ቶሎ በል።»

መስኮቱን ከፈትኩት። የጠዋቷ ፀሐይ ጉንጯ ላይ አረፈች። አገጯን በጣቴ ቀና አደረግኩና አነሳኋት። ስልኩን ሳየው፣ ምን ልበላችሁ፣ በሕይወቴ እንዲህ ያማረ ፎቶ አንስቼ አላውቅም።

«ደህና ወጣሁ?» አለች።

«አልወጣሽም እማዬ» አልኳት። «ብርሃኑ እምቢ አለ። ነገ እንደግመዋለን።»

ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«እሺ፣ ነገ» አለችና ነጠላዋን አውልቃ «አጣጥፈሽ አስቀምጪልኝ» ብላ ለውድነሽ ሰጠቻት።