የአእምሮ ዋስ

በዚያ የማመልከቻና የማኅተም ዘመን፣ በቢቸና ከተማ፣ ስሙን ብንተወው የማይቀየም አንድ ታላቅ መሥሪያ ቤት ነበር። ታላቅነቱ በሥራው ብዛት አልነበረም፤ ሥራማ ገበሬውም ይሠራል። ታላቅነቱ በጥንቃቄው ነበር። አለቃው ቀኛዝማች ገላው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለውን ተረት አጥብቀው ስለሚወዱ፣ እንዳያፈሱ ብለው ምንም ነገር አያነሡም ነበር።

በጥቅምት ወር ከበላይ አንድ ደብዳቤ መጣላቸው። አእምሯቸው ታሞ ሕክምና ያገኙ ሰዎች ሥራ እንዲያገኙ፣ ያገኙትም በሥራቸው እንዲጸኑ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ይርዱ ይላል። ቀኛዝማች ሠራተኞቻቸውን ሰብስበው ደብዳቤውን ቆመው አነበቡ፤ ሲጨርሱ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ እብድ የሚባል ቃል በዚህ ግቢ እንዳይነገር። በሉ አሁን አንድ እብድ ፈልጉልኝ።»

ፍለጋው ሩቅ አልሄደም። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አካለ ወልድ ከሁለት ዓመት በፊት ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይጠራው ስለ ጀመረ ሥራውን ትቶ ነበር። ሞጣ አጠገብ ካለ ጸበል ስምንት ወር ከረመ፤ ከዚያም አዲስ አበባ ሐኪም አይቶት ክኒን ሰጠው። አሁን ቤቱ ተቀምጦ ሚስቱ የሺእመቤት በምትሸጠው ጠላ እየኖረ ወንበሩን ይለምናል። ሰባት ማመልከቻ አስገብቷል። ማመልከቻ የሚያስቀምጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስላልነበረ ግን ሰባቱም ጠፍተዋል። እርሱ ከሄደ ወዲህ የጠፋው ብዙ ነው፤ የርስት ክርክራቸውን ፋይል የጠየቁ አንድ ሽማግሌ የማያውቋት ሴት የፍቺ ፋይል ተሰጥቷቸው ቤታቸው ድረስ ጣጣ ገብቷል።

አካለ ወልድ ተጠርቶ ከቀኛዝማች ፊት ቆመ።

«የምለምነው ሁለት ነገር ብቻ ነው» አለ። «ድምፁ የሚበረታብኝ ቀን ሲመጣ ጓሮ ባለችው ክፍል ብቻዬን ልሥራ። በሦስት ወር አንዴ ደግሞ መድኃኒቴን ላምጣ፤ እስክመለስ ወንበሬ ይቆየኝ።»

ቀኛዝማች እርሱን አልሰሙትም፤ የራሳቸውን ርኅራኄ እያዳመጡ ነበር።

«እንረዳሃለን» አሉት። «ከሌላው ሰው አብልጠን ነው የምንረዳህ። ዋስ አለህ?»

«የንብረት ዋሴ አቶ ቢሆነኝ ናቸው። ዘጠኝ ዓመት ስሠራ አንድ ወረቀት አልጎደለም።»

«ለወረቀቱስ ይሁን። ለጭንቅላትህስ?»

እንዲህ ያለ ቅጽ በአገሩ ስላልነበረ ቀኛዝማች ሦስት ቀን በር ዘግተው አረቀቁት። ከፍርድ ቤቱ የዋስትና ወረቀት ላይ ገልብጠው፣ «ሰውየውን» የሚለውን «አእምሮውን» በሚል ለውጠው እንዲህ አጻፉ፦ «የሠራተኛው አእምሮ ጤነኛ ለመሆኑ ዋስ ሆኛለሁ፤ በተፈለገ ጊዜ አእምሮውን ይዤ ላቀርብ፣ ለማቅረብ ባይቻለኝ እኔው ራሴ በቦታው ልተካ ግዴታ ገብቻለሁ።»

ሚስት ዋስ መሆን አትችልም ተባለ፤ ባለጉዳይ ናት። የሺእመቤት ወረቀቱን ይዛ ከባሏ ጋር እህል ነጋዴው ቢሆነኝ ዘንድ ሄደች። ቢሆነኝ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አስነበበ።

«አካለ፣ ለንብረት ከሆነ እንኳን ላንተ ለጠላቴም ዋስ እሆናለሁ። ይኼ በቦታው ልተካ የሚለው ግን ምንድን ነው? ስድስት ልጅ አለኝ፤ ቅዳሜ ገበያ አለብኝ። በየትኛው ጊዜዬ ነው የማብደው?»

«የርስትህ ወረቀት ለባላጋራህ ወጥቶ ሊሰጥ ሲል ማን ነበር ያስጣለልህ?» አለችው የሺእመቤት።

ቢሆነኝ ቀለም አስነክቶ አውራ ጣቱን አተመ። ቀኛዝማች ግን ጥንቃቄያቸው እንዲህ በቀላሉ አይረካም።

«መልካም። የአቶ ቢሆነኝ አእምሮ ጤነኛ ለመሆኑስ ዋስ ማነው? ለእንዲህ ያለ ነገር አውቆ ጣቱን የሚያትም ሰው እኮ ራሱ ያጠራጥራል።»

ቢሆነኝ ወንድሙን ጠራ፤ ወንድሙ አማቹን፣ አማቹ የክርስትና አባቱን። እያንዳንዱ ዋስ ዋስ እየጠራ ወረቀቱ ከቢቸና ወጣ። የሺእመቤት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራው ከመንደር መንደር ዞረች። እግሯ ስላበጠ ሳይሆን በየደጁ «ባልሽ ያ እብዱ ነው?» ስለሚሏት አለቀሰች። በስድስተኛው ቀን ስምንት ጣት አሳትማ ሞጣ ገባች፤ ባሏ ከተጠመቀበት ጸበል አገልጋይ ከአባ ኃይለ ሚካኤል ፊትም ቆመች። ስምንተኛው ዋስ ዘመዳቸው ነበርና እርሳቸውን ጠርቷል።

አባ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«እኔ አትማለሁ ልጄ። ታዲያ ለእኔስ ዋስ ይሻሉ?»

«ይሻሉ አባቴ። እባክዎ ሩቅ ያለ ሰው እንዳይጠሩብኝ።»

«ሩቅም አይደል። እዚህ አርባ በሽተኛ ሲተራመስ ስማቸውንና ተራቸውን በደብተር ጽፎ፣ ማን በላ ማን ጾሙን አደረ እያለ የሚከታተል አንድ ሰው ነበረ። ካወቅሁት ሰው ሁሉ ልቡናው የተሰበሰበ እርሱ ነው። አካለ ወልድ ይባላል፤ ጻፊው።»

የሺእመቤት በሄደች በአሥራ ሦስተኛው ቀን ተመለሰች። አካለ ወልድ ለአባ ዋስ ሆኖ ፈረመ፤ ወረቀቱም ዞሮ ከተነሣበት ገባ። ቀኛዝማች ስሞቹን አላነበቡም፤ ጣቶቹን ቆጥረው፣ ቀለማቸው መድመቁን በመነጽር መርምረው ማኅተማቸውን አሳረፉ።

«ተሟልቷል። ጥንቃቄ ማለት ይኼ ነው» አሉ።

አካለ ወልድ ወደ ወንበሩ በተመለሰ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሽማግሌው የርስት ፋይላቸውን አገኙ፤ የፍቺዋ ሴትም ተፈታች። ቀኛዝማች ይህን የራሳቸው ቅጽ ውጤት ነው ብለው ቅጂውን ከሪፖርት ጋር ወደ በላይ ላኩ። አካለ ወልድ የለመናቸው ሁለት ነገሮች ግን በቅጹ ላይ ቦታ ስላልነበራቸው አልተጻፉም።

በጥር አንድ ማክሰኞ ድምፁ በረታበት። አካለ ወልድ ጓሮ ክፍሏን ጠየቀ፤ ተከለከለ፤ ሁሉም በሚሠሩበት ክፍል መካከል ተቀምጦ ጆሮውን በመዳፉ ይዞ ፋይሉን ቀጠለ። አንድም ፋይል አልሳተም። ሌሎቹ ሠራተኞች ግን እርሱን ሲመለከቱ ቀኑን ሙሉ አንድ መስመር ሳይጽፉ ዋሉ።

«አንድ ቀን ብቻ ይድገምህ» አሉት ቀኛዝማች። «ዋሶችህን ጠርቼ ወንበርህን አስረክባቸዋለሁ። ይህን የምለው አንተን ለመርዳት ነው።»

አካለ ወልድ ያን ምሽት ለሚስቱ ምንም አልነገራትም። ቀኑ እንደሚደገም ያውቃል፤ የእርሷም ያ ሁሉ መንገድ ከንቱ ሊሆን ነው።

ሐሙስ የበላይ መልስ መጣ። ቀኛዝማች እንደ ልማዳቸው ሠራተኛውን ሰብስበው ቆመው ማንበብ ጀመሩ። «በእርስዎ የተዘጋጀው ቅጽ እጅግ የሚደነቅ ሆኖ ስለ ተገኘ፣» እዚህ ላይ ድምፃቸው ከፍ አለ፣ «ከመሥሪያ ቤቱ አለቃ ጀምሮ ሠራተኛ ሁሉ የአእምሮ ዋስ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንዲያቀርብ፤ ያላቀረበ ሥራውን እንዲለቅ።» እዚህ ላይ ተቀመጡ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ በራሷ አሳጠረች ይባላል።

ሠራተኞቹ እርስ በርሳቸው ዋስ ሲሆኑ ለአለቃው የቆመ አልነበረም። ቀኛዝማች ወንድማቸውን ጠየቁ፤ ወንድማቸው ታመመ። አቶ ቢሆነኝን ጠየቁ፤ «ስድስት ልጅ አለኝ» አላቸው። ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ሚስታቸው ደግሞ «ሚስት አትችልም ያልክ አንተው ነህ፤ እግዜር ይስጥህ» ብላ ፈትሏን ቀጠለች። በአሥራ አምስተኛው ቀን ጧት ቀኛዝማች ወረቀቱን ይዘው መዝገብ ቤት ገቡ፤ በሩንም ዘጉት።

አካለ ወልድ ወንበሩን ለቀቀላቸውና ቅጹን ረጋ ብሎ አነበበ።

«ለሰው ጭንቅላት ዋስ መሆን ቀላል አይደለም ቀኛዝማች። ልጠይቅዎ። ድምፅ ይሰማሉ?»

«እኔ? አልሰማም።»

«የማንንም?»

«የማንንም።»

«እኔንም ያሳሰበኝ እሱው ነው» አለ አካለ ወልድ።

ከዚያም ቅጹን ገልብጦ በዚያ ባማረ ጽሕፈቱ ሁለት መስመር ጻፈ፤ ስለ ጓሮ ክፍሏና ስለ መድኃኒት ጉዞው። ቀኛዝማች በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያመነቱ ፈረሙ፤ አካለ ወልድም በፊተኛው ገጽ ላይ ፈረመላቸው። ክፍሏ ያኑለት ተጠረገች። በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን እዚያ ይሠራል፤ ወንበሩንም የሚነካበት የለም።

ሠራተኞቹ ግን የቀኛዝማችን ቅጽ ሲያዩ ያችን «በቦታው ልተካ» የምትለዋን ቃል በደንብ አነበቧት። ቀኛዝማች ያበዱ ቀን የአለቃው ወንበር የአካለ ወልድ ነው። ከዚያ ወዲህ ጧት ጧት ቤቱ በሙሉ ብድግ ብሎ በታላቅ ተስፋ፣ «ቀኛዝማች፣ ዛሬስ እንዴት አደሩ?» ይላቸዋል።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደኅና ነኝ» ይላሉ።

ሠራተኛው ሁሉ ቀዝቀዝ ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል።