ካርቶን ውስጥ ያልነበረው ኪቦርድ

ሊወጣ ነው የተባለን ዕቃ መጠበቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ደመወዝ የለውም እንጂ በምሳ ሰዓት እንኳ የማይለቅ ሥራ ነው። እኔ በዚህ ሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አገልግያለሁ። ሊወጣ ነው የተባለው ታብሌት ምን ያህል እንደሚሳሳ፣ ካሜራው በየትኛው ጥግ እንደሚቀመጥ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኪቦርዱ ከጠርዙ ጋር እንዴት ጠቅ ብሎ እንደሚገጥም፣ ገና ፋብሪካ ያልገባውን ዕቃ አንድ በአንድ አውቀው ነበር። እናንተም ብትሆኑ አትሳቁብኝ። ከመካከላችሁ «አሁን አልገዛም፣ አዲሱ ይውጣና» ብሎ የማያውቅ ሰው ካለ እስቲ እጁን ያውጣ።

የዚህ ሥራ ክፋቱ ጡረታ የሌለው መሆኑ ነው። የጠበቃችሁት ዕቃ በወጣ በማግስቱ እነዚያ በኢንተርኔት ስለ አዳዲስ ዕቃ ቪዲዮ የሚሠሩት ሰዎች ፊታቸውን አክብደው ብቅ ይሉና፣ ይህን እንዳትገዙ፣ ጉዱ ያለው የሚቀጥለው ላይ ነው ይሏችኋል። እኔም እሺ እላለሁ። ሰው እሺ ባይ ሲሆን እንዲህ ነው፤ ያላየውን ዕቃ ያደንቃል፣ ያየውን ይንቃል።

ስለ ራሴ ትንሽ ልንገራችሁ። ሆሳዕና ከተማ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ዕቃ መረከብና ማስረከብ እንጀራዬ ነው። ካርቶን ሳይከፈት፣ ዝርዝሩ ሳይነበብ፣ ዕቃው አንድ በአንድ ሳይቆጠር አልፈርምም በማለት የታወቅሁ ሰው ነኝ። በዚህ የተነሳ የሚጠሉኝም አሉ። ይቺን ነገር ያዙልኝማ፣ ኋላ ታስፈልገናለች።

ታብሌቱን የፈለግሁት ለባለቤቴ ለማርታ ነበር። ማርታ የአንደኛ ደረጃ አማርኛ አስተማሪ ናት። እሷ የሀዲያ ልጅ ናት፣ እኔ ደግሞ የከምባታ፣ የዱራሜ ልጅ ነኝ፤ በሀዲይኛ ትቆጣኛለች፣ በከምባትኛ አጉረመርማለሁ፣ የምንታረቀው በአማርኛ ነው። ክረምት ክረምት እየተማረች ሁለተኛ ዲግሪዋን ለመያዝ የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ የመመረቂያ ጽሑፏ። ጥናቷ ቤታቸው ውስጥ ሀዲይኛ የሚናገሩ ሕፃናት አማርኛ ማንበብ ሲጀምሩ የት የት ላይ እንደሚሰናከሉ የሚያሳይ ነው። ልጆቹ አጠገብ ቁጭ ብላ እያዳመጠች፣ የተሳሳቱትን እንደተሳሳቱት እየጻፈች አራት ደብተር ሞላች። የቀረው ያንን በኮምፒውተር አስጽፎ ማስረከብ ነበር።

የመጀመሪያውን ምዕራፍ ወስዳ ለአንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ሰጠች። ጸሐፊዋ ምን የመሰለች ቅን ሴት መሰለቻችሁ! የሕፃናቱን ስህተት በሙሉ፣ አንዲት ሳታስቀር፣ አስተካክላ መለሰችላት። ልጆቹ ሁሉ ጎበዝ ሆነው ተገኙ፤ ጥናቱ ግን የሚጠና ነገር አጣ። ማርታ ወረቀቶቹን ጭኗ ላይ ዘርግታ አለቀሰች። ራሴ ካልጻፍሁት በስተቀር አይሆንም አለች። የእኔ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር እንደሆነ ለሥራም ወረፋ ነው። በዚህ ጊዜ ነበር እኔ ደረቴን ነፍቼ ኪቦርድ ያለው ታብሌት እገዛልሻለሁ ያልኳት። መቼ ስትለኝ፣ አዲሱ ሲወጣ አልኳት።

አዲሱ ወጣ፤ አይ፣ የሚቀጥለው ይሻላል አልኩ። የሚቀጥለውም ወጣ፤ ዋጋው ይርጋ አልኩ። ማርታ እስከዚያው በስልኳ መስታወት ላይ በአውራ ጣቷ ትጽፍ ነበር። አውራ ጣቷ አብጦ በጨርቅ አስራው ሳያት አንጀቴን በላችኝ፤ ግን አሁንም ጠብቂ አልኳት። በመጨረሻ የምትማርበት ኮሌጅ ቁርጡን ነገራት። ሁለት ጊዜ ተራዝሞላታል፣ ሦስተኛ የለም፤ ግንቦት ከማለቁ በፊት ካላስረከበች ምዝገባዋ ይሰረዛል፣ የስድስት ክረምት ድካሟም አብሮ ይቀራል። ስትነግረኝ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ደግነቱ በዚያው ሰሞን የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያለው ወዳጄ ሽኩር ከአዲስ አበባ ዕቃ ጭኖ ገባና ደወለልኝ። ያ የምትለው ታብሌት መጥቷል አለኝ። እየሮጥኩ ሄድኩ። ካርቶኑ ላይ ታብሌቱ ከነኪቦርዱ፣ ጠቅ ብሎ እንደተገጠመ ተሥሎ ሳየው ልቤ ቅቤ ጠጣ። ገንዘቡን ከፍዬ፣ ካርቶኑን አቅፌ፣ በአስፋልቱ ዳር ሰው ሁሉ እንዲያየኝ ቀስ እያልኩ ወደ ቤቴ ተጓዝኩ።

በእኛ ሰፈር አዲስ ነገር ሳይጸለይበት አይነካም። ቤትም ይሁን ሞተር ሳይክል፣ የምትታለብ ላምም ብትሆን መጀመሪያ ጎረቤት ይጠራል፣ ጸሎት ይደረጋል፣ ከዚያ ይበላል። እኛም ጎረቤት ጠራን፤ ቆጮና አይብ ቀረበ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሼ ሎምቤቦ ካርቶኑ ላይ እጃቸውን ጭነው ጸለዩ። ጋሼ ሎምቤቦ ሲጸልዩ አያድበሰብሱም፤ ነገሩን በየስሙ ይጠራሉ። ለመስታወቱ ጸለዩ፣ እንዳይሰነጠቅ። ለባትሪው ጸለዩ፣ መብራት በጠፋ ቀን እንዲበረታ። ኪቦርዱ ላይ ሲደርሱ ግን ረዘም አደረጉት። ስለ ሰጠኸን ኪቦርድ እናመሰግንሃለን፣ የማርታ ጣቶች በላዩ ላይ ይባረኩ፣ የጀመረችውን ትጨርስበት ዘንድ ፍቀድ አሉ። ሁላችንም አሜን አልን። የእኔ አሜን ከሁሉም ይጎላ ነበር።

ከዚያ ካርቶኑን ከፈትኩ። ታብሌቱ አለ። ሥሩ ቻርጀሩ አለ። ሥሩ አንዲት ቀጭን የሲም ማውጫ መርፌና ታጥፋ የተቀመጠች ወረቀት አሉ። ሥሩ ካርቶን ነው። ካርቶኑን ገልብጬ ነቀነቅሁት። ያን ጊዜ ነው ከታች፣ ጉንዳን በሚያህል ፊደል የተጻፈውን ያየሁት፤ ኪቦርዱ ለብቻው ይሸጣል ይላል። እንግዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ ሳላነብ አልፈርምም ያልኩት ሰው እኔ ነኝ። ኩም አልኩ። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ በሌለ ዕቃ ተመስገን ብለን ነበራ! ጋሼ ሎምቤቦ ብቻ አልደነገጡም። «እንግዲህ አሜን ብለናል» አሉና ወደ ቆጯቸው ተመለሱ።

በማግሥቱ ሽኩር ዘንድ ሄጄ አፌ እንዳመጣልኝ ተናገርኩት። እሱም ካርቶኑን አልሣልኩትም አለኝ፣ እውነቱን ነው። ኪቦርዱ የታለ ስለው መንገድ ላይ ነው አለኝ። መቼ ይደርሳል ስለው በቅርቡ አለኝ። በቅርቡ የምትለዋን ቃል ለሦስት ዓመት ስሰማት ስለኖርኩ ትርጉሟ አይጠፋኝም። ሌላ ዓይነት ኪቦርድ ይሠራ እንደሆነ ግን አልጠየቅሁትም፤ ለምን እጠይቃለሁ? ከኦሪጅናሉ በስተቀር ሌላ እንደማይገጥም ከቪዲዮዎቹ ጠንቅቄ ተምሬያለሁ። እንዲያውም እኔው አስረዳሁት፣ እሱም ራሱን ነቀነቀ። ሁለት ዐዋቂዎች ተስማማንና ተለያየን። ማርታ የቀራት አምስት ሳምንት ነበር።

ቅዳሜ ዕለት እትዬ ኤርጎጌ ከጎረቤት ከተማ ከሆመቾ መጡ። የትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ናቸው፤ ከማርታና ከሌሎች ሁለት ሴት መምህራን ጋር አብረው ክረምት ክረምት ይማራሉ፣ ከአራቱም በዕድሜ ይበልጣሉ፣ የማስረከቢያው ቀን ለአራቱም አንድ ነው። እሳቸውም አንድ ጊዜ ታብሌት ነበራቸው። ታብሌቱ ከሞተር ሳይክል ላይ ወድቆ ሲደቅ ኪቦርዱ ተረፈ፤ ከዚያ ወዲህ ነፋስ ወረቀት እንዳይወስድ መጫኛ አድርገውት ኖረዋል። እሱን ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። እኔ ለምን እንደማይሠራ ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ መግጠሚያው፣ ስለ አምራቹ፣ ስለ ስሪቱ ዘመን አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። እትዬ ኤርጎጌ የሰው ንግግር አያቋርጡም፤ እስክጨርስ በአክብሮት ሰሙኝ። ከዚያ ከኪቦርዱ ጥግ አንዲት ቁልፍ ጫን አድርገው ያዙ፣ ማርታን ደግሞ ብሉቱዙን ክፈቺው አሏት። እስቲ ጻፊ አሏት። ማርታ ሁለት እጇን ዘርግታ ጻፈች፤ ታብሌቱ ላይ «አይሠራም ያለው ማነው» የሚል ወጣ። ሻይ ላመጣ ተነሳሁ።

ችግሩ ኪቦርዱ አንድ፣ ሴቶቹ አራት መሆናቸው ነው። ለእነሱ ግን ይህ ችግር አልነበረም፤ በእናቶቻቸው ቤት ሲሠራበት ያዩት ነገር ነው። በአገራችን ሴቶች ዊጆ አላቸው። የአንዲት ላም ወተት ብቻውን ስንት ቅቤ ይወጣዋል? ስለዚህ ሴቶቹ ሁሉ ወተታቸውን ተራ ለደረሳት ለአንዷ ይሰጣሉ፣ እሷ ቅቤዋን በአንድ ጊዜ ታወጣለች፣ ቀጥሎ ወደ ሌላዋ ያልፋሉ። እነማርታም ኪቦርዱን ዊጆ አስገቡት። ለእያንዳንዷ አንድ አንድ ሳምንት፤ ታብሌት ያላት በታብሌቷ፣ የሌላት በስልኳ ትጽፍበታለች። ዕጣ ተጣለ። ማርታ የመጨረሻውን አወጣች።

ወሽመጤ ተቆረጠ። አራተኛው ሳምንት ማለት የመጨረሻው ገደብ አፋፍ ነው። ኪቦርዱ እስከዚያ ቢበላሽስ? አንዷ ተራዋን ብታሳልፍስ? ሌሎቹ ጽፈው ይገላገላሉ፣ የእኔ ሚስት ናት የምትቀረው። ለማርታ ሳልነግር ሚኒባስ ተሳፍሬ ሆመቾ ድረስ ሄድኩና እትዬ ኤርጎጌን ዕጣው እንዲስተካከል ለመንኳቸው። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፣ መገረም እንጂ።

«አንተ ሰው» አሉኝ፣ «ሦስት ዓመት አስጠብቀሃት ሦስት ሳምንት ከበደህ? ደግሞ በዊጆ የመጨረሻዋ ሴት እኮ ለሁሉም ወተት ስታቀብል የከረመች ናት። ባዶ እጇን የምንተዋት መሰለህ?»

አንገቴን ደፍቼ ተመለስኩ። የተናገሩት የገባኝ ግን ኋላ ነው። ማርታ እነዚያን ሦስት ሳምንታት ቁጭ ብላ አልጠበቀችም። ከትምህርት ቤት ስትወጣ ተራ ወደደረሳት ትሄዳለች፤ አንዷ ስትጽፍ እሷ ከረቂቁ ታነብላታለች፣ ገጽ ታስተካክላለች፣ የተጻፈውን ትፈትሻለች። በሦስተኛው ሳምንት ጣቶቿ ፊደሎቹን ሳታይ ያገኟቸው ጀመር። እኔም ቪዲዮ ማየት ተውኩ ብላችሁ አታምኑኝም፤ ቀነስኩ ልበላችሁ።

አራተኛው ቅዳሜ ደረሰ። ኪቦርዱ በነጠላ ተጠቅልሎ ቤታችን ገባ፣ ሦስቱ ሴቶችም አብረውት ገቡ። የራሳቸውን ጨርሰዋል፣ አሁን ወተቱ ሁሉ የማርታ ነው። አንዷ ደብተሩን ታነባለች፣ ማርታ ትጽፋለች፣ አንዷ ትፈትሻለች፣ እትዬ ኤርጎጌ ሠንጠረዦቹን በወረቀት ላይ ያሰናዳሉ። የልጅ ስህተት ላይ ሲደርሱ አንባቢዋ ቆም ትልና «እንዳለ» ትላለች፤ ማርታም እንዳለ ትጽፈዋለች። እኔ ወጥ ቤት ገባሁ። ሰኞ መብራት ሲጠፋ ታብሌቱን ጄኔሬተር ያለው ሽኩር ሱቅ ወስጄ ቻርጅ አደረግሁ፤ እሱም እንደ ካሣ ቆጥሮት ይመስለኛል፣ ምንም ሳይል ሶኬቱን ለቀቀልኝ። ረቡዕ ከቀትር በኋላ ማርታ የመጨረሻዋን አራት ነጥብ መታችና እጆቿን ጭኗ ላይ አኖረች። ከዚያ አራቱም በአንድ ጊዜ እልል አሉ፣ ጎረቤት ሠርግ መስሎት ብቅ ብቅ አለ።

አርብ የሚዘጋውን ሐሙስ ጠዋት አራቱም ጎን ለጎን ተሰልፈው አስረከቡ። ጽሑፋቸውን ያቀረቡ ዕለት ከአራቱ የወደቀች የለችም። የማርታን ሲያዳምጡ ከፈታኞቹ አንዱ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው፣ የአንዲትን ሕፃን የተሳሳተ ንባብ ከጽሑፉ ላይ ጮክ ብለው አነበቡና፣ እኔም ልጅ ሆኜ ልክ እዚህ ጋ ነበር የምሰናከለው፣ ያን ጊዜ ግን የሰማኝ እንጂ ያዳመጠኝ አልነበረም አሉ። ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ኩራቴን የማደርግበት አጣሁ፣ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ለምስጋናው ጎረቤት እንደገና ተጠራ፣ ቆጮና አይብ እንደገና ቀረበ። ጋሼ ሎምቤቦ ለጸሎት ሲነሱ ጠጋ ብዬ፣ የዚያን ዕለት በሌለ ዕቃ አመስግነን ማፈራችንን አስታወስኳቸው።

«ማነው ያፈረው?» አሉኝ። «እኔ ስለ ኪቦርዱ ጸለይኩ እንጂ የየትኛው ካርቶን እንደሆነ አልተናገርኩም።»

ገና አሜን ብለን ሳንቀመጥ ሽኩር እያለከለከ ገባ። በእጁ ረዘም ያለ ጠፍጣፋ ካርቶን ይዟል። ኦሪጅናሉ ደረሰ አለ። ተቀብዬ ከላይም ከታችም፣ ጉንዳን የሚያህለውን ፊደል ሳይቀር አነበብኩት። እውነትም ኪቦርድ ነው፣ ውስጡም አለ። ከታብሌቱ ጠርዝ ጋር ሳስጠጋው ያንን ሦስት ዓመት የጓጓሁለትን ጠቅታ አሰማኝ። ቀና ብዬ ማርታን አየኋት። እሷ አላየችኝም። የእትዬ ኤርጎጌን ኪቦርድ በነጠላው እየጠቀለለች ነበር፤ ለሚቀጥለው ክረምት ተማሪዎች አዲስ ዊጆ ተጀምሯል፣ ዕጣውም ወጥቷል።

«መልስለት» አለችኝ። «የእኔ ተራ እኮ አልፏል።»

ካርቶኑን እንደነበረ አሸግሁት። ሽኩር ቆጮውን በልቶ፣ ካርቶኑን በብብቱ ይዞ ሲወጣ እስከ በሩ ድረስ ሸኘሁት፣ ደህና ግባም አልኩት። ለሽኩር ይሁን ለኪቦርዱ እንጃ።