የዶኛ ኤውላሊያ ጎልያድ

በዓለም ላይ የትንሽ ውሻ ባለቤትን ያህል ሥራ የበዛበት ሰው የለም። ትልቅ ውሻ ያለው ሰው ውሻውን ግቢ አስሮ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። የትንሽ ውሻ ባለቤት ግን ከውሻው ሌላ ጉዳይ የለውም። እኛ የቺዋዋ ከተማ ሰዎች ይህን ጠንቅቀን እናውቃለን፤ ቺዋዋ የሚባለው የትንንሽ ውሾች ዝርያ በአገራችን ስም ስለሚጠራ ኩራቱም ጣጣውም የኛ ነው።

ግቢያችንን የሚያስተዳድሩት ጎረቤቴ ክብርት ዶኛ ኤውላሊያ ናቸው፤ ዶኛ በኛ ቋንቋ እመቤት ማለት ነው። ማንም አልመረጣቸውም። ብብታቸው ሥር ውሻቸው ክቡር ጎልያድ አለ፤ ከጫጩት ብዙም የማይበልጥ፣ ፖስተኛውን ግን ከነቦርሳው ሊውጥ የሚቃጣው። ሹራቡን ራሳቸው ይሠሩለታል። "ሆዱ ባዶ ከቆየ ራሱን ይስታል" እያሉ በየሰዓቱ የዶሮ ሥጋ በቁንጥር ያጎርሱታል። የግቢው ልጆች ሊዳብሱት ከተጠጉማ ጉድ ይፈላል፦

"እርግብግቢቱን! እርግብግቢቱን እንዳትነኩብኝ! ውሻ መሰላችሁ እንዴ?"

አንዴ ሲንቀጠቀጥ አይቼ በርዶት እንደሆነ ጠየቅኩ።

"ተናዶ ነው" አሉኝ።

"ምን አናደደው?"

"አንተ።"

ዶኛ አስም አለባቸው። እኛ ጋ ደግሞ ቺዋዋ አቅፎ የተኛ ሰው አስሙ ወደ ውሻው ይሄድለታል ይባላል። ሐኪሞች ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ። እሳቸው ግን ጎልያድን ደረታቸው ላይ አስተኝተው ሲነሱ "ይኸው ቀለለኝ" ይላሉ።

ባለፈው ገና ሰሞን ጎልያድ ራሱ እንደ ዝይ ማሳል ጀመረ። የእንስሳት ሐኪሟ አየችውና፣ "የትንፋሽ ቧንቧው ደካማ ነው፤ እነዚህ ትንንሾቹ ላይ የተለመደ ነው። አንገቱን አይሰሩት፤ ደረቱ ላይ በሚታሰረው ማሰሪያ ይቀይሩለት" አለች። ዶኛ ማሰሪያውን ቀየሩ። የሐኪሟን ቃል ግን አልተቀበሉም። በማግሥቱ ጎልያድን አቅፈው፣ ሹራቦቹን በከረጢት ይዘው በሬን አንኳኩ።

"የኔ አስም ነው የገባበት። እኔ ጋ ከተኛ ይሞትብኛል። አንተ ደረትህ ጤነኛ ነው፤ ውሰደው።"

"ዶኛ፣ ሐኪሟ እኮ..."

"ሐኪሟ እናቱ ናት? ውሰደው አልኩህ!"

ፊታቸውን ሳያሳዩኝ ሄዱ።

ጎልያድ እኔ ቤት እህል አልቀምስም አለ። ግድግዳው ስስ ነው፤ እሳቸው ወዲያ ሲያስሉ እሱ ወዲህ ግድግዳውን ይጭራል። የሱ ሳል በአዲሱ ማሰሪያ ለቆት ነበር፤ ግን ሐኪም ያላሳመናቸውን ሴት እኔ ምን ብዬ ላሳምን? በረሃብ ሊያልቅብኝ ሆነ። እሁድ ጠዋት አቅፌው በራቸው ላይ ቆምኩና ሳልኩ። ደህና አድርጌ ሳልኩ።

"ምን ሆነሃል?"

"እንጃ ዶኛ። ሳሉ እሱን ሲተወው እኔን ያዘኝ። ሳያራግፍብኝ አልቀረም።"

ጎልያድን ከእጄ መንጭቀው ጆሯቸውን ደረቱ ላይ ለጠፉ። ሳል የለም። ከዚያ አለቀሱ፤ ጎልያድም እንባቸውን ይልስ ጀመር። እኔም እንደገና ሳልኩ።

"ከእንግዲህ እግሬ ሥር ነው የሚተኛው" ብለው ፈረዱ። "በእግር በኩል አይተላለፍም።"

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ለሳል ይበጃል እያሉ የቡጌንቪል አበባ በቀረፋ አፍልተው ያመጡልኛል፤ እኔም ሲያዩኝ እስላለሁ። እወዳቸዋለሁ፤ ምን ላድርግ?

"አይ አንተ፣ አልሻል አለህ እኮ" አሉኝ ትናንት። "ላንተም አንድ ቺዋዋ ይፈለግልህ።"

"ጎልያድን ለጊዜው ቢያውሱኝስ?"

ውሻውን ወደ ደረታቸው ሰብሰብ አደረጉት።

"አብደሃል? ከበሽተኛ ጋር ላስተኛው?"